ሰዓቱን ከመሙላትዎ በፊት፦ ዛሬ ነገ ስለሚባል ሥራ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ዘዴ ዙሪያ የቀረቡ ናቸው፤ የሚፈሩትን ሥራ በአጭር በአጭር ዙር እየቆረጡ መሥራት። ከእነዚህ ዘዴዎች በይበልጥ የሚታወቀው ፖሞዶሮ የተባለው ነው። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተማሪ ሳለ፣ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው። ሕጉ አጭር ነው። አንድ ሥራ ይመረጣል፤ ሰዓቱ ለ25 ደቂቃ ይሞላል፤ እስኪጮህ ድረስ ከዚያ ሥራ በቀር ሌላ አይነካም፤ ከዚያ 5 ደቂቃ እረፍት። አራት ዙር ሲያልቅ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚደርስ ረዘም ያለ እረፍት ይወሰዳል። ሕጉን ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ጥያቄው የሚመጣው ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ሰዓቱን ለ25 ደቂቃ እሞላለሁ፤ ፋይሉን እከፍታለሁ፤ ከላይ ጀምሬ አነባለሁ፤ አንድ ሁለት ቃል አስተካክላለሁ፤ ይጮኻል። እንደገና እሞላለሁ፤ እንደገና ያው ነው። ስድስት ዙር ተቀምጬ ግማሽ ገጽ አልወጣኝም። ይህ ዘዴ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ዘዴው ይሆንዎታል፤ የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር እርስዎ ምን እንደሚሠሩ ገና አልወሰኑም። «መመረቂያ ጽሑፌን ልሥራ» ብሎ የተቀመጠ ሰው የያዘው የብዙ ሥራዎችን የወል ስም ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች «ከየት ልጀምር» በሚል ፍለጋ ያልቃሉ። ፍለጋው ደግሞ ከመጻፉ ይልቅ ይከብዳል። ሲከብድ እጅ ወደ ቀላሉ ነገር ይሸሻል፦ ከላይ ማንበብ፣ ቃል መለዋወጥ፣ የርዕስ ፊደል ማጉላት። እነዚህ ክፉ የሆኑት ሥራ ስለሚመስሉ ነው። ሞባይል ሲነካኩ ቢውሉ ኖሮ ቢያንስ ይታወቅዎት ነበር።

ሰዓቱን ከመሙላትዎ በፊት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጻፉ። መስመሩ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛው እጅ የሚሠራው ተግባር ነው፦ መጻፍ፣ መቁጠር፣ መሰረዝ፣ ማስላት፣ መደወል። «ማሰብ»፣ «ማየት»፣ «መቀጠል» አይሆኑም፤ መቼ እንዳለቁ አይታወቅምና። ሁለተኛው ቦታው ነው፦ የትኛው ምዕራፍ፣ የትኛው ንዑስ ርዕስ፣ የትኛው ሠንጠረዥ። ሦስተኛው ሰዓቱ ሲጮህ በእጅ የሚገኘው ነገር ነው፦ ስንት ዐረፍተ ነገር፣ ስንት የተሞላ ረድፍ።

ለምሳሌ «ምዕራፍ ሦስትን መቀጠል» የሚለውን እንዲህ ይቀይሩት፦ «ምዕራፍ 3፣ የናሙና አመራረጥ፤ ተሳታፊዎቹ ከየትና በምን መስፈርት እንደተመረጡ 6 ዐረፍተ ነገር መጻፍ፣ ሳላርም»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሳላርም» ለጌጥ አልገባችም። መጻፍና ማረም በአንድ ዙር ከተቀመጡ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ማረም ነው፤ ያለውን ማቃናት የሌለውን ከማምጣት ይቀላልና። ማረም የራሱ ዙር ይኑረው፤ ጉልበትዎ በሚቀንስበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ዙሩን ከውስጥ እንየው። ፋይሉ ሲከፈት ከላይ አይጀምሩ፤ በቀጥታ ወደ ንዑስ ርዕሱ ይውረዱና ጠቋሚውን ባዶው መስመር ላይ ያኑሩት። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እምቢ ካለ «እዚህ ጋ ማለት የፈለግሁት» ብለው ይጀምሩና ለጓደኛ እንደሚያወሩ አድርገው ይጨርሱት፤ መነሻዋን በኋላ ይቆርጧታል። ፈተናው የሚመጣው መጻፍ ከጀመሩ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው። «ይህን ያለው ማን ነበር? በስንት ዓመተ ምሕረት?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይልና ወደ ኢንተርኔት ይጎትትዎታል። አይሂዱ። በቦታው «ምንጭ??» ብለው ጽፈው ይለፉ። ሁለቱ የጥያቄ ምልክቶች በኋላ በፋይሉ መፈለጊያ በአንዴ ይገኛሉ፤ ምንጮቹን ሁሉ በሌላ ዙር አንድ ላይ ይሰበስቧቸዋል። ሁለት ደቂቃ ሲቀር አዲስ ሐሳብ አይጀምሩ። በሁለቱ ደቂቃ የሚቀጥለውን ዙር መስመር ይጻፉ። ሐሳቡ ትኩስ ሳለ በአንድ ደቂቃ የሚያልቀው ውሳኔ ለነገ ጠዋት ካደረ ግማሽ ሰዓት ይበላል።

መስመሩን ለመጻፍ እንኳ የሚቸገሩ ከሆነ፣ ማለትም ክፍሉ ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት በእርግጥ ካላወቁት፣ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ዙር ይስጡት፦ «ስለዚህ ክፍል የማላውቃቸውን 5 ነገሮች በጥያቄ መልክ መጻፍ፣ 10 ደቂቃ»። ብዙ ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ሁለቱ አማካሪዎ ብቻ የሚመልሷቸው ሆነው ይገኛሉ። እንግዲያው የቀጣዩ ዙር ሥራ ለአማካሪዎ ኢሜይል መጻፍ ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቆመው ጸሐፊው ሰንፎ ሳይሆን እንዲህ ያለ ያልተጠየቀ ጥያቄ መሐል ላይ ተገትሮ ነው።

ጥያቄ፦ ሃያ አምስት ደቂቃ ለእኔ ዘላለም ነው። ለዚያ ሥራ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ደረቴን ያፍነኛል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተነሥቼ ቤት ማጽዳት እጀምራለሁ።

መልስ፦ በ5 ደቂቃ ይጀምሩ። 25 ከአንድ ተማሪ ልምድ የመጣ ቁጥር ነው፤ ሊነካ የማይችል ሕግ አይደለም።

ቤት ማጽዳቱ ግን ብዙ ይናገራል። ሰነፍ ሰው ቤት አያጸዳም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፉሺያ ሲሯና ቲሞቲ ፒቺል እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራን ማሳደር፣ ማለትም ዛሬ ነገ እያሉ ማዘግየት፣ በዋናነት የስሜት ጉዳይ መሆኑን አስረድተዋል። ሥራው ጭንቀት፣ መሰልቸት ወይም «ባይሳካልኝስ» የሚል ፍርሃት ይዞ ይመጣል፤ «ነገ እሠራዋለሁ» ማለት ያን ስሜት ወዲያው ያስታግሰዋል፤ እፎይታው ደግሞ እንደ ሽልማት ሆኖ በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ያስደግማል። ስለዚህ የዙሩ ርዝመት የሚወሰነው ሥራው በሚያስፈራዎት መጠን ነው። አምስት ደቂቃ ያፈነዎት ነገር እያለም ሊቀመጡት የሚችሉት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ራሱን ካስቀመጠ በኋላ ሰዓቱ ሲጮህ «እንግዲህ ከተቀመጥኩ አይቀር» እያለ አንድ ሰዓት ራሱን ያስገድዳል። ያን ዕለት ተሳክቶለታል። በማግስቱ ግን አምስት ደቂቃ ማለት አንድ ሰዓት መሆኑን ስለሚያውቅ ወንበሩ አጠገብ አይደርስም። ሰዓቱ ሲጮህ በእርግጥ ይነሡ፤ መቀጠል ካማረዎት ከእረፍቱ በኋላ ሌላ ዙር አለ። ሦስት ዙር በተከታታይ ሳያቋርጡ ከጨረሱ ወደ 10፣ ቀጥሎ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 25 ይውጡ። በአንዱ እርከን ሁለት ጊዜ ካቋረጡ ወደ ታችኛው ይመለሱ። ዙሩ አምስት ደቂቃም ቢሆን መስመሩ ይጻፍ፤ አጭር ዙር ላይማ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ለፍለጋ የሚባክን ደቂቃ የለውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ኮድ እጽፋለሁ። ገና ሥራው ውስጥ ስገባ ሰዓቱ ይጮኻል፤ ከእረፍት ስመለስ ክሩ ተበጥሷል። ማቆም ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በጭንቅላት ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚያዝበት ሥራ፣ እንደ ኮድ፣ ሒሳብና ረጅም ትንተና ያለው፣ ለመግባት ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። ይህ ከ25 ደቂቃው ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። 50 ደቂቃ ሠርተው 10 ደቂቃ ይረፉ። ለመጀመር የሚቸገሩ ከሆነ የመጀመሪያዋን ዙር 10 ደቂቃ ያድርጓትና ከዚያ ወደ 50 ይሻገሩ።

ገደቡን ግን አይጣሉት። ሦስት ሰዓት ሳይነሡ ሠርቶ ዝሎ መነሣት የነገውን ወንበር ያስጠላል፤ ሥራ ማሳደር ለሚያጠቃው ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ሲያቆሙ ደግሞ የት እንደሚቀጥል በሚያውቁት ቦታ ያቁሙ። ያልተጠናቀቀው ፈንክሽን (የኮዱ ክፍል) ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ በአስተያየት መስመር ይጻፉበት፤ ወይም ኮዱ ገና የማያልፈውን አንድ የኮድ መፈተሻ ጽፈው ይተዉት፤ ሲመለሱ ሥራው ከዚያ ይነሣል። ሁሉንም አጣርቶ አጽድቶ ማቆም ደስ ይላል፤ ጠዋት ግን ባዶ ገጽ ላይ ይጥላል።

ጥያቄ፦ ዙሩን በደንብ እሠራለሁ፤ አምስት ደቂቃ እረፍቱ ግን አንድ ሰዓት ይሆናል።

መልስ፦ ሳንጠይቅዎት እንገምት፤ ሞባይል ነው።

እረፍቱ ማለቂያ ያለው ነገር ይሁን። ውኃ መጠጣት ያልቃል፤ ፊት መታጠብ ያልቃል፤ ደረጃ ወርዶ መውጣት ያልቃል። ወደ ታች ሲስቡት አዲስ ነገር የሚያመጣ ገጽ አያልቅም። ሌላም ምክንያት አለ። ሶፊ ሊሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ሰው ካልጨረሰው ሥራ ወደ ሌላ ሲዛወር የሐሳቡ ከፊል በቀድሞው ላይ እንደሚቀር አሳይታለች። በእረፍት ላይ የተነበበ የሚያናድድ መልእክት፣ በተለይ መልስ ሳይሰጡት ከተመለሱ፣ ቀጣዩን ዙር አብሮ ይቀመጥበታል።

እረፍቱንም በሰዓት ይሙሉት። የሚቻል ከሆነ ሰዓቱ ከሞባይሉ ውጭ ይሁን፤ የወጥ ቤት ሰዓትም፣ የኮምፒውተሩም ይበቃል። ሞባይሉ ሌላ ክፍል ይዋል። ከሞባይል በቀር ሰዓት ከሌለዎት ከኔትወርክ ያውጡትና በፊቱ ደፍተው፣ ተነሥተው ካልሄዱ እጅዎ የማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። ሲጮህ ለማጥፋት መነሣት ግድ ይሆንብዎታል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራው በሒሳብ ክፍል ነው። የወር መዝጊያ ሪፖርቱ ሁልጊዜ የመጨረሻው ቀን ላይ ያድርብኛል። ሰዓት ልሙላ ብልም ሰው ይጠራኛል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አለቃዬ በሩ ላይ ይቆማል። ሰው ጸጥ ሲል ደግሞ የራሴ ጭንቅላት «መብራት ከፍለሃል? ለእገሌ መልሰሃል?» ይለኛል።

መልስ፦ ሁለቱ መቋረጦች የተለያዩ ስለሆኑ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ከራስዎ ጭንቅላት የሚመጣው በወረቀት ይመለሳል። በቀኝ እጅዎ በኩል ቁራጭ ወረቀት ያኑሩ። ሐሳቡ ሲመጣ ሁለት ቃል ጽፈው ይመለሱ፦ «መብራት፣ ማታ»፤ «ለእገሌ፣ ከምሳ በኋላ»። ሰዓቱን አብረው መጻፍዎን አይርሱ። ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ያልተጠናቀቀ ጉዳይ አእምሮን እየጎተተ እንደሚያስቸግር፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ግን ጉዳዩ ገና ሳይሠራም ጉተታው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ «መብራት» ብቻ ብሎ መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው፤ «ማታ» የምትለዋ ናት የምታሳርፈው።

ከሰው የሚመጣው በሰዓት ይመለሳል። ለባልደረባ «አሁን አልችልም» ከማለት «አሥር ደቂቃ ስጠኝ፣ እኔው እመጣለሁ» ይሻላል። የመጀመሪያው መልስ ሰውየውን አስቀይሞ እዚያው ቆሞ እንዲያስረዳ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ይሸኘዋል። ቃልዎን ግን ይጠብቁ፤ ሁለት ጊዜ ቀርተው ከተገኙ ሦስተኛ ጊዜ የሚያምንዎት የለም። ለአለቃዎ «ይህን ቁጥር ልዝጋና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልምጣ ወይስ አሁኑኑ?» ብለው ምርጫውን ይስጧቸው። «አሁን» ካሉ ዙሩ ፈርሷል። የፈረሰ ዙር ግማሽ ተብሎ አይቆጠርም፤ ሲመለሱ ከዜሮ ይሞላል። ይህ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ግማሽ ዙር እየቆጠሩ የሚውሉ ሰዎች ግን ማታ ላይ ስምንት ዙር የሠሩ መስሏቸው አራት ሳይሠሩ ያድራሉ።

ሪፖርቱን በተመለከተ፣ ለመጨረሻው ቀን የሚያድረው ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ሰዎች የሚመጣ ሰነድ ስለሚጠበቅ ነው። ወሩ ከማለቁ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት አንድ የ15 ደቂቃ ዙር ለዚህ ብቻ ይመድቡ፦ የጎደሉ ደረሰኞችና የባንክ መግለጫዎች ዝርዝር፣ ከአጠገባቸው የሚጠየቀው ሰው ስም። በሁለተኛው ዙር መልእክቶቹን ይላኩ። ሒሳቡ ገና አልተጀመረም፤ ሥራው ግን ተጀምሯል።

ቀኑን ሙሉ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰው ከሆነ ግን ይህ ዘዴ በሥራ ሰዓት ብዙም አይጠቅመውም። ቢሮው ሳይሞላ አንድ የ15 ደቂቃ ዙር ካገኘ እሷን ይያዝ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ፈተና አፍንጫዬ ሥር ካልደረሰ መጽሐፍ አልገልጥም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በጥድፊያ ነው የሚገባኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው አለ አይደል?

መልስ፦ እንደዚያ የሚሰማው ሰው ብዙ ነው፤ ውጤቱ ግን ስሜቱን አይደግፈውም። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። ሥራቸውን የሚያሳድሩት ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው ያነሰ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ከሌሎቹ በለጠ፤ ውጤታቸውም አነሰ። አንቺ በጥድፊያ ገባኝ የምትዪው በሌላ ጊዜ ሞክረሽው ስለማታውቂ ሊሆን ይችላል። ማወዳደሪያ የለሽም።

ለጥናት የሚሆነው ዙር ከጽሑፍ ዙር ይለያል። «ባዮሎጂ ምዕራፍ 4 ማንበብ» ብለሽ ከያዝሽ ዓይንሽ መስመር ላይ እየሄደ ልብሽ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሃያ አምስቱን ለሁለት ክፈዪው፦ 12 ደቂቃ አንብቢ፤ መጽሐፉን ዝጊ፤ በቀሩት 13 ደቂቃዎች ያስታወስሽውን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ሥዕሉንም ከነስያሜው ሳዪ። የጎደለውን ከመጽሐፉ አይተሽ በሌላ ቀለም ሙዪ። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ይደግፋል። ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጡ ቢሆንም፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ የበለጡት ግን ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት ነበሩ። በፈተና ዋዜማ የሚነበብ ነገር «ገባኝ» የሚያሰኘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል በእርግጥ ገብቷል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ የተሠራ ምሳሌ ማንበብ እንደ ዙር አይቆጠር። ምሳሌውን በወረቀት ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪው፤ ሲያቅትሽ አንድ መስመር ብቻ ግለጪ።

በቀን ሁለት ዙር፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትይዢ በአሥራ ሁለት ሳምንት 120 ዙር ይሆናል፤ 50 ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ጥድፊያ 50 ሰዓት ማግኘት አይቻልም እንዳንል ይቻላል፤ እንቅልፍሽ ይከፍላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሥራ ስንት ዙር እንደሚፈጅ እንዴት ልገምት? ዕቅዴ ሁልጊዜ ውሸት ሆኖ ይገኛል።

መልስ፦ የሁሉም ሰው ዕቅድ እንደዚያ ነው። ቢዩለር፣ ግሪፊንና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ33.9 ቀን እንጨርሳለን ብለው ገምተው የፈጀባቸው 55.5 ቀን ነበር። «ነገሮች ሁሉ እጅግ ቢበላሹ» ተብለው ሲጠየቁ እንኳ የሰጡት አማካይ ግምት 48.6 ቀን ነበር፤ እሱም አልበቃም።

መውጫው ተጠንቅቆ መገመት ሳይሆን ያለፈውን መመዝገብ ነው። ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ሥራው፣ የገመቱት ዙር፣ የፈጀው ዙር። ከአሥር ያህል ሥራ በኋላ የፈጀውን ድምር ለግምቱ ድምር ያካፍሉ። 40 ዙር ገምተው 70 ከፈጀ የእርስዎ ቁጥር 1.75 ነው። ከዚያ በኋላ 4 ዙር ብለው የገመቱትን ሥራ 7 ብለው ይጻፉት። ቁጥሩ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል፤ በለመዱት ሥራ ወደ 1 ይጠጋል፤ ሌላ ሰው መልስ መስጠት ያለበት ሥራ ላይ ይሰፋል።

በቀን ስንት ለሚለው፣ ስምንት ዙር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሒሳቡን ይሥሩት፦ ስምንት ጊዜ 25 ደቂቃ 200 ደቂቃ ነው፤ በመሐል ስድስት አጭር እረፍትና አንድ የ20 ደቂቃ እረፍት ሲጨመር 250 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይሆናል። ስብሰባ፣ ስልክና ምሳ ባለበት ቀን ይህ ብዙ ነው። ለአንዱ ዋና ሥራ ሦስት ዙር ይመድቡ፣ ከተቻለ ኢሜይል ሳይከፈት በፊት። የቀረው ቀን እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ ደብዳቤ መመለስ አለብኝ። አሥር መስመር አትሞላም። ሳትመለስ በቆየች ቁጥር ግን የጎን ውጋት ሆነችብኝ።

መልስ፦ ለአሥር መስመር 25 ደቂቃ አይያዝም። 10 ደቂቃ ይሙሉ። የዘገዩበትን ምክንያት ማስረዳት አይጀምሩ፤ ደብዳቤውን ያሳደረብዎት መልሱ ሳይሆን ይቅርታው ነው። «ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብለው በአንድ መስመር ይለፉና ወደ ጉዳዩ ይግቡ። ሰዓቱ ሲጮህ ያለው ይላክ። እንዲህ ያሉ ነገሮች ሦስት አራት ተጠራቅመው ከሆነ በአንድ ቀን አያድርጓቸው፤ በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት በደንብ ሄድኩ። ከዚያ አራት ቀን ዘለልኩ። አሁን ደብተሩን ማየት ራሱ አስጠላኝ።

መልስ፦ የዘለሉትን ዙሮች እንደ ዕዳ አይቁጠሯቸው። «ዛሬ የአራቱንም ቀን እከፍላለሁ» ያለ ሰው ዛሬንም ይዘላል። በራስ ላይ መፍረድም እንደሚታሰበው አያተጋም። ዎል፣ ፒቺልና ቤኔት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን አሳድረው ለራሳቸው ይቅርታ ያደረጉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ማሳደሩን ቀንሰው ተገኝተዋል።

በአንድ የ10 ደቂቃ ዙር ይመለሱ፤ ለዚያ ቀን እሷ ትበቃለች። ሰዓቱን ከሆነ ሌላ ነገር ጋር ያያይዙት፦ «ቁርስ በልቼ ሳህኑን ሳነሣ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ»። ፒተር ጎልቪትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት አሰባስበው «ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ያሰቡትን ለመፈጸም በግልጽ እንደሚረዳ አሳይተዋል። ለመዝለሉም አስቀድሞ ይታቀድለት፦ «አንድ ቀን ካለፈኝ በማግስቱ 10 ደቂቃ ብቻ»። አዲስ ደብተር፣ አዲስ ባለ ቀለም ብዕር፣ አዲስ የሞባይል መተግበሪያ መግዛትና ማውረድ ግን ይቆይዎት። እሱም ሥራን ማሳደር ነው፤ ልብሱ አምሮ ነው እንጂ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ ምንም አልሠራልኝም። የሕክምና ጉዳይ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ሥራ ማሳደር ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የሌላ ነገር ምልክት የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ሁለት ነገር ይመልከቱ። ትኩረት ማጣቱ፣ ዕቃ መጥፋቱ፣ ቀጠሮ መርሳቱ፣ የተጀመረ ነገር አለመጨረሱ ከልጅነት ጀምሮ ያለና በሥራም በቤትም የሚታይ ከሆነ፣ ባለሙያዎች ትኩረት ማጣትና ከልክ ያለፈ ቅብጥብጥነት የሚሉት ችግር መኖር አለመኖሩ ይመረመራል፤ ለዚህ ምርመራ አንዳንዶቹ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት ይኖርባቸዋል። በሌላ በኩል ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረው ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አይዘግይ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ዙሮቹን የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ። «ሥራ አልሠራ አለኝ» ከሚል ቃል ይልቅ በስንት ሰዓት እንደተቀመጡ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተነሡ፣ ምን እንዳስነሣዎት የሚያሳይ የአንድ ሳምንት መዝገብ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። የእንቅልፍ ሰዓትዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ካለ በዚያው ገጽ ኅዳግ ላይ ይጻፉ።